ውሃዬ ይለፍ?

ሚያዝያ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.
ከሂማላያ ተራሮች፣ ሰሜን ሕንድ

እታለም ሥራነሽ፤

ከጥር ወዲህ አንድ ቃል ሳልጽፍልሽ ጾሙ ሊያልቅ ነው። ታሞ ይሆናል ብለሽ እንዳትሳቀቂ፤ ደህና ነኝ፣ ሰንፌ ነው። አንቺ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስት ደብዳቤ ጽፈሽ፣ ጓደኛዬ መምህር ምስጋናው ከማስተማሪያው ሰዓት ቀንሶ ደጀን ውስጥ ኔትወርክ እያሳደደ የደብዳቤዎችሽን ፎቶ ሲልክልኝ፣ እኔ ስልኬን በኪሴ ይዤ ዝም ማለቴ ያሳፍረኛል። ይቅር በይኝ።

ተራራው ከጮቄ ይበልጣል ወይ ላልሽኝ፣ ይበልጣል። ጮቄን በጮቄ ላይ ብትጭኚው ከረጃጅሞቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቢሆን ነው። አገሩ እንደ ደረጃ ነው። የመጀመሪያው እርከን ዝቅ ያለ፣ አፈሩ ልል የሆነ ኮረብታ ነው። ሁለተኛው እኔ ያለሁበት ነው፤ ጥድ የለበሰ፣ ሰው በገደሉ ጎን ላይ ማሳና ቤት ደርድሮ የሚኖርበት። ከዚያ በላይ በረዶ ነው። በረዶው ማለዳ ይታይና ከረፋዱ በኋላ ደመና ይወስደዋል። መምህራችን ይህ ተራራ ገና በማደግ ላይ ነው ይላሉ፤ የሕንድ ምድር ከሥር እየገፋው በየዓመቱ የጥፍር ወርድ ያህል ከፍ ይላል። የኛው ጮቄ እድገቱን ጨርሶ ያረፈ ሽማግሌ ነው። ይሄኛው ግን አያርፍም፤ ይሰነጠቃል፣ ይናዳል፣ ወንዙም ከሥሩ ይበላዋል። ክረምቱ ብቻ እንደኛው ነው። ሰኔ ላይ ገብቶ መስከረም ላይ ይወጣል።

ለጾመኛም የሚመች አገር ነው። ምስርና ጎመን ካልጠፋ ምን እፈልጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የጠፋ መንደር ሊያሳዩን ወስደውን ነበር። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለትምህርቴ ነው። የቤትሽ በር እንደ ድሮው ይዘጋል? ከቤቱ በላይ ያሉት ባሕር ዛፎችስ ቀጥ ብለው ነው የቆሙት ወይስ ዘመም ብለዋል?

ባለቤትሽን አበረንና ልጃችሁን ሕሊናን ሳሚልኝ። አማትሽን አያ አወቀንም ሰላም በያቸው። ዛሬም እንደተቀየሙኝ ናቸው?

ወንድምሽ ደመላሽ

*

ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሥላሴ ሰፈር፣ ከደጀን በላይ

ደሜ ወንድሜ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ደብዳቤህን ምስጋናው አትሞ በገበያ ቀን ላከልን። ሕሊና ስለ ተራራው ያለውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። እኔ ግን በመጨረሻው ሳቅሁ። ሰው ሕንድ አገር ድረስ ሄዶ የእህቱን በር ይጠይቃል?

በሩ አይዘጋም። አምና ክረምት ላይ መጋጠም እምቢ አለ፤ አበረ ላገው። ጥቅምት ላይ ገጠመ፣ ከዚያ ደግሞ መቃኑ ያዘው፤ እንደገና ላገው። ባሕር ዛፎቹም ወደ ቤቱ ዘምመዋል። ነፋስ ነው ብለን ትተነዋል።

አማቼን ጠይቀሃል። ሰላምታህን ነገርኳቸው፤ አንገታቸውን ነቀነቁና ወደ በሬዎቻቸው ሄዱ። አንተ ረስተኸው እንደሆን እኔ አልረሳሁም። የዛሬ ሦስት ዓመት የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ሆነህ፣ ከቅዳሴ በኋላ በሥላሴ ቅጽር ሕዝቡን ሰበሰብክ። ውሃውን ከማሳ የሚያወጣው በበሬ የሚታረሰው ቦይ፣ ፈሰሱ ይቅር፣ የዝናቡ ውሃ በላይኛው ማሳ ላይ ትሬንች ተቆፍሮለት ይጠራቀም፣ መሬቱ ይጠጣው አልክ። እሳቸው ተነሥተው «ልጄ፣ ይህ መሬት ውሃ ሲጠግብ አይቆምም» አሉህ። አንተ ዘንጋቸውን ከእጃቸው ተቀበልክና በለጠፍከው ሥዕል ላይ እየጠቆምክበት፣ «አፈራችንን ለዓባይ የሚያበላው የአያ አወቀ ፈሰስ ነው» አልክ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ዘንጉን ስትመልስላቸው አልተቀበሉህም። አሁን የበራችን መደገፊያ ነው።

እሱ ብቻ አይደለም የሚቆጨኝ። ድሮ ሰኔ ሲገባ ፈሰስ የሚወጣበት ያ ቀን እንዴት ነበር? እሳቸው ከፊት ሆነው መስመሩን በዘንግ ያሳያሉ፣ ጥማዱ ከኋላ ይከተላል። የላይኛው ባለማሳ ከታችኛው ማሳ ጫፍ ላይ ቆሞ «ውሃዬ ይለፍ?» ይላል። የታችኛው «ይለፍ» ካላለ በሬ አይንቀሳቀስም። ዓመቱን ሙሉ የተኳረፈ ሁሉ ያን ቀን አፍ ለአፍ ይገጥም ነበር። አሁን ትሬንቹ ሁሉንም ውጦ ይይዛል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

እህትህ ሥራነሽ

ደመላሽ፣ በሩን ለሦስተኛ ጊዜ ልልገው ነው። ከዚህ በኋላ በር መሆኑ ቀርቶ መስኮት ይሆናል። ለትምህርትህ ከጠቀመ ጻፈው። አበረ።

*

ግንቦት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፤

አበረን ስለ በሩ አመስግኚልኝ። ሳቅሁ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ አልሳቅሁም።

ለምን እንደምጠይቅ ጠይቀሽኛል። ነገርኩሽ እኮ፣ ለጥናቴ ነው። በር የማይዘጋባቸውን ቤቶች እየቆጠርኩ ነው በይው። ከዚህ የበለጠ ምክንያት የለውም።

ሕሊና ወንዞቹን እንድገልጽላት ጽፋልኛለች። ንገሪያት፤ ከበረዶው ሥር ሁለት ወንዞች ይወጣሉ። አንዱ አላክናንዳ፣ ሌላው ባጊራቲ ይባላሉ። አንድ ከተማ ሥር ሲገናኙ ወዲያው አይቀላቀሉም፤ አንዱ አመድማ፣ ሌላው አረንጓዴ ሆነው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ቆሜ ሳያቸው የኛው የሙጋ ወንዝ ክረምት ላይ ዓባይ ውስጥ ሲገባ ትዝ አለኝ። አመድማው ውሃ ያን መልክ ያገኘው በረዶው ዓለቱን እየፈጨ ስለሚያወርደው ነው። ሰው ተራራ ሲባል የማይነቃነቅ ነገር ይመስለዋል፤ እኔ ዓመት ተኩል ሙሉ ያየሁት ተራራ በውሃ እየተጫነ ሲሄድ ነው።

ሦስት ነገር እይልኝ። ከሰፈሩ በታች ያለው ምንጭ ውሃው ጠርቷል ወይስ ደፍርሷል? ከትሬንቹ በላይ ባለው ግጦሽ ላይ ስንጥቅ አለ? ካለስ የስንጥቁ አንዱ ወገን ዝቅ ብሏል?

ደግሞ አስቤ ነበር። ክረምቱን ደብረ ወርቅ አክስታችን ስሜነሽ ጋ ብትከርሙ ምን ይላችኋል? ብቻዋን ናት፤ ሕሊናም ደስ ይላታል። እስከ መስከረም ብቻ ነው። ለጥንቃቄ ያህል ነው።

ወንድምሽ ደመላሽ

*

ሰኔ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ደሜ፤

ምንጩ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ደፍርሷል። ስንጥቅም አለ። ከግጦሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ ላሞቹ ይዘሉታል። የታችኛው ወገን አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሏል። እንግዲህ ሁሉንም ጻፍኩልህ።

አሁን የኔ ተራ ነው። አንተ እንደ ሐኪም ቤት ሰው ምላስሽን አውጪ፣ ሆድሽን ልንካ ትላለህ፤ በሽታውን ግን አትናገርም። ደብዳቤህን ለአማቼ አነበብኩላቸው። ስለ ስንጥቁ ያልከው ጋ ስደርስ ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት። ተነሥተው ወጡ። ያን ቀን እህል አልቀመሱም። አንተም ትፈራለህ፣ እሳቸውም ይፈራሉ፤ መሐል ላይ ያለነው እኛ ግን ምን እንደምንፈራ አናውቅም።

ደብረ ወርቅ ስለመሄድ ለአበረ ነገርኩት። እርሻ በገባበት ሰዓት በበር ምክንያት ቤት ጥሎ የሚሄድ ገበሬ የት አይተሻል አለኝ። እውነቱን ነው፣ ምን ልበለው? አንተ ያልነገርከኝን እኔ ለባሌ ምን ብዬ ልንገረው?

ስለዚህ የምታውቀውን ጻፍ። የተማርከው ለዚህ አይደለም?

ሥራነሽ

ቤትህን ጥለህ ውጣ የሚል ሰው መጀመሪያ ምክንያቱን ይናገራል። እኔ ሰነፍ አይደለሁም፤ ምክንያቱን ካወቅሁ ዛሬውኑ እነሣለሁ። አበረ።

*

ሰኔ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፤

ይህን ደብዳቤ ስምንት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን ግን ብዕሩን ሳላነሣ እጽፋለሁ፤ ካነሣሁ እንደገና እቀደዋለሁ።

በሚያዝያ ያየሁት የጠፋ መንደር ሃያ ሦስት ቤት ነበረው። ከአሥር ዓመት በፊት በአንድ ክረምት ጎኑ ሁሉ ተንሸራትቶ ወንዝ ገባ። ከአጠገቡ ያለው መንደር ግን እንደቆመ ነው። ዳገቱ አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ ሆኖ ይሄ ለምን ቆመ ብለን ጠየቅን። አንዲት ባልቴት ማሳዋን አሳየችን። እርከኖቿ ሜዳ አይደሉም፤ ወደ ውጭ ትንሽ ዘመም ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ዝናብ በበረታ ቁጥር ማልዳ ወጥታ በመኮትኮቻ ጠርዛቸውን ትከፍታለች፣ ውሃው ወደ ጎን ወደ ሸለቆው ይሄዳል። የክፍል ጓደኛዬ ቋንቋዋን እየመለሰልኝ ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ጠየቅኋት። «መሬቱ ውሃ ሲጠግብ አይቆምማ» አለችኝ።

አያ አወቀ በሥላሴ ቅጽር ያሉኝን፣ ቃል ሳይቀር፣ በሂማላያ ሰማሁት። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

እውነቱ ይኸው። የቤታችሁ በር ያልተዘጋው፣ ዛፉ የዘመመው፣ ምንጩ የደፈረሰው ዳገቱ እየወረደ ስለሆነ ነው። እየወረደ ያለው ደግሞ ሦስት ክረምት ሙሉ ውሃ ስላጠጣሁት ነው። የኛ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃው ዘልቆ ከዓለቱ ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ አፈሩ በዓለቱ ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ትሬንቹ ለደረቅ አገር ጥሩ ነው። ለኛ ዳገት ፈሰስ ነበር መድኃኒቱ፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። ይህን ትምህርት ያገኘሁትም በዚያው ትሬንች ነው። የእናንተን ዳገት ፎቶ አንሥቼ፣ ሥራዬ ብዬ አቅርቤ ነው የተቀበሉኝ። ሁለት ወር ሙሉ ያልነገርኩሽ በዚህ ምክንያት ነው። አፍሬ ነው። ሌላ ሰበብ የለኝም።

አሁን የምላችሁን አድርጉ። ትሬንቹን በቶሎ ክፈቱት፤ ውሃው ወደ ምሥራቁ ሸለቆ ይሂድ፣ አንድ ቀን አታሳድሩት። ከዚያ ከሰፈሩ ውጡ፤ ሁላችሁም።

ይህን ደብዳቤ በሰንበቴው፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ጮክ ብለሽ አንብቢው። አያ አወቀን ያዋረድኩት በሕዝብ ፊት ነው፤ ጥፋቴም በሕዝብ ፊት ይነገር።

ደመላሽ

*

ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.
ደጀን

ደሜ፤

ደብዳቤህ ደርሶናል። መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ስለነበር ምስጋናው ጋ ከርሞ፣ ቅዳሜ ሐምሌ 6 ቀን ነው እጄ የገባው።

ዳገቱ በማግስቱ ወረደ። እሑድም ሥላሴም የዋለበት ቀን ስለነበር ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ዘጠኝ ቤት ሄዷል፤ የኛም ሄዷል። ቤተ ክርስቲያኑን አልነካውም። ከሕሊና ጋር ምስጋናው ግቢ አንድ ክፍል ተሰጥቶን እዚያ ነን። አማቼ ከላሞቹ ጋር እዚያው ሜዳው ላይ ዳስ ጥለው ተቀምጠዋል፤ ይምጡ ቢባሉ እምቢ አሉ።

ደብዳቤህን ያልከው ቦታ አላነበብኩትም። አንድ ቀን ይነበባል። ሌላውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ሥራነሽ

*

ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፤

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ከክፍሌ ወጥቼ መሬት ሳምኩ። ሥላሴ አተረፏችሁ። ቤት ይሠራል፤ እኔ እመጣለሁ፣ ድንጋይ እሸከማለሁ፣ ጭቃ እረግጣለሁ። ዘጠኝ ቤት አፍርሼ የምደሰት ክፉ ሰው አታድርጊኝ፤ ግን ሰው ተርፏል ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ተደሰትኩ።

በአራተኛው ቀን ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት። ከዚያ የድሮዎቹን አውጥቼ ከጎኑ ዘረጋኋቸው። በሁሉም ላይ፣ ከስምሽ ሥር፣ የአበረ መስመር አለች። በዚህኛው ላይ የለችም። ከሕሊና ጋር ነን ብለሻል፤ አማትሽ የት እንዳሉ ነግረሽኛል።

አበረ የት ነው?

እዚህ ዝናቡ አላቋረጠም፤ የኛ አስተማሪዎች ወደ ዳገት አትቅረቡ ብለው ከልክለውናል። ሲዘንብ ዳገት ላይ አይወጣም፤ የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ነው። ይህን ስጽፍ ለእናንተ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ትዝ አለኝ።

እባክሽ መልሽልኝ። ምስጋናውን ጠይቄው ነበር፤ ከእህትህ ስማ ብሎኛል።

ደመላሽ

*

መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደጀን

ደመላሽ፤

አበረ የለም።

አርባውን አውጥተን ነው የምጽፍልህ። ከዚያ በፊት ልጽፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ነበር፤ ስሙን ጽፌ ከዚያ ወዲያ የሚከተለው ቃል እምቢ አለኝ።

ደብዳቤህ ቅዳሜ ሲመጣ ለእሱ አነበብኩለት። በሰንበቴው ሰው ሁሉ ፊት አንብቢ ብለህ ነበር፤ እኔ ቸኩዬ ለባሌ ብቻ አነበብኩ። አልተናደደብህም። «ይኸው ምክንያቱን ጻፈው» ነው ያለው። ሰኞ እንነሣለን ተባባልን። እሑድ ማለዳ ሕሊናን ነጠላዋን አልብሼ ስንወጣ እሱ አካፋ ይዞ ቆሟል። ዛሬ እኮ ሥላሴ ነው፣ በበዓል አካፋ ይነሣል ወይ አልኩት። «አንድ ቀን አታሳድሩት ብሎ የለ፤ ሥላሴ ሥራ ፈት አይደሉም፣ ያውቁልኛል» አለኝና ወጣ። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ቅዳሴው ሳያልቅ ምድሩ ሲያጓራ ሰማን።

ያገኘነው በሦስተኛው ቀን ነው። ከትሬንቹ እኩሌታውን ከፍቶት ነበር።

ያልጻፍኩልህ ልደብቅህ ብዬ አይደለም፤ ልጠላህ ስለፈለግሁ ነው። ልጠላህ ፈልጌ፣ ደግሞ አልቻልኩም፤ ደብዳቤውን ያነበብኩለት እኔ ነኝ። አትሂድ ብዬ እግሩ ላይ ያልወደቅሁት እኔ ነኝ።

አማቼ መጥተው ይህን ጻፊልኝ አሉኝ። ቃላቸውን እንዳለ ጽፌዋለሁ፦

«ለደመላሽ። ስንጥቁን እኔ ካቻምና ጳጉሜን ላይ አይቼዋለሁ። በእርምጃዬ ለካሁት፤ መቶ አርባ እርምጃ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። የተማረው ልጅ መጥቶ ይየው ብዬ በሆዴ ያዝኩት። ደብዳቤህ ስለ ስንጥቁ ሲጠይቅ እንኳ ዝም አልኩ፤ አሁን ብናገር ለምን እስከ ዛሬ ዝም አሉ ይሉኛል ብዬ አፈርኩ። አንተ በሕዝብ ፊት አዋረድከኝ፣ እኔ በዝምታዬ ልበቀልህ አሰብኩ። በአንተ ላይ የያዝኩት ቂም ልጄን በላብኝ። እና ይህን ብቻህን እንዳትሸከመው። እኩሌታው የኔ ነው። አወቀ።»

ጨርሼ ሳነብላቸው ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ከታች አሳረፉበት። ፎቶው ላይ ይታይህ እንደሆን አላውቅም።

ሥራነሽ

*

የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፤

አምስት ወር ዝም አልኩ። እንደ አምናው ሰንፌ ነው ብዬ አልዋሽሽም።

የአያ አወቀ ጣት ታይቶኛል።

እዚህ በረዶው እኛ ደጃፍ ድረስ ወርዷል። ዳገቱ ሁሉ ነጭ ሆኖ ጸጥ ብሏል። የተናደው ያልተናደው አይለይም። የመመረቂያ ጽሑፌን ቀይሬዋለሁ። ስለ ትሬንች የጻፍኩትን ሁሉ ሰርዤ፣ ስለ ፈሰስና ስለዚያች ባልቴት እርከን ነው የምጽፈው። መጀመሪያው ገጽ ላይ የእናንተን ዳገት ስህተት በስሜ አስፍሬዋለሁ። መምህሬ ይህ ለሥራ አይጠቅምህም አሉኝ። ይሁን አልኳቸው።

አበረ ምክንያቱን ካወቅሁ ዛሬውኑ እነሣለሁ ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ቃሉን ጠበቀ። ምክንያቱን በሚያዝያ ጽፌለት ቢሆን ኖሮ በደረቅ ምድር፣ በፀሐይ፣ ዕቃውን ጭኖ ይነሣ ነበር። ስተኛም ስነሣም ይኸው ነው የማስበው። መጀመሪያ ክፈቱ፣ ከዚያ ውጡ ብዬ መጻፌንም። ሁለቱን ቃላት ቦታ ባለዋውጣቸው ኖሮ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ እጨርሳለሁ። መምጣት እፈልጋለሁ። ግን ዓይኔን ማየት ካልፈለግሽ ጻፊልኝ፤ አዲስ አበባ እቀራለሁ። ይቅር በይኝ ብዬ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞከርኩ፤ ቃሉ አነሰብኝ። ይቅር ትይኝ ይሆን ብዬ ብቻ እጠይቅሻለሁ።

ወንድምሽ ደመላሽ

*

ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሥላሴ ሰፈር

ደሜ፤

ከአራት ዓመታት ወዲህ ያልሆነ ነገር እዚህ ሊሆን ነውና ልንገርህ። ደብዳቤህ በሰንበቴው ተነበበ። ሕሊና ናት ያነበበችው። ያ ምክንያቱን የጻፍክበት፣ ያ ሁሉ ነገር ያለበት። ሲያልቅ አማቼ ተነሥተው የራሳቸውንም ተናገሩ፣ መቶ አርባ እርምጃውን ጭምር። ማንም አልሳቀም። ቄሰ ገበዙ አቡነ ዘበሰማያት ብለው አሳረጉ፣ ሰው እንጀራውን ሳይቆርስ ወደ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ የላይኞቹ ባለማሳዎች መጥተው ትሬንቹ ይደፈን፣ ፈሰሱ ይውጣ አሉ። ሰኔ ሳይገባ፣ ምድሩ ሳይርስ ይሁን ተባለ። ቀኑም ተቆርጧል፤ ግንቦት 25።

እኛ ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ባለው ረባዳ ላይ ቤት ጀምረናል። በሩ ገና አልተገጠመም።

አማቼ አዲስ ዘንግ እየላጉ ነው። የድሮው ከበሩ ጋር አፈር ውስጥ ቀርቷል። ይሄኛው ለእሳቸው ስለሚረዝም ለማን ነው አልኳቸው። «ያ ወንድምሽ ቁመቱ እስከ የት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። እጄን አንሥቼ አሳየኋቸው። የዘጋው ይክፈተው፣ መስመሩን እኔ በአፌ እነግረዋለሁ ነው የሚሉት።

እኔ ይቅር እንደምልህ ጠይቀኸኛል። እውነቱን ልንገርህ፤ አላውቅም። አንዳንድ ቀን አዎ እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን የአበረን ኮት ሳነሣ ስምህን መስማት አልፈልግም። አዲስ አበባ ቅር ብዬ ግን አልጽፍልህም።

አንድ ነገር ልንገርህ። ከዳገቱ ሥር ያለው የአበረ ማሳ አሁን በእኔ ስም ነው። ከላይ የሚመጣው ውሃ ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ያን ቀን የሚጠየቀው ሰው እኔ ነኝ፤ እኔ ካልተናገርኩ በሬዎቹ አይንቀሳቀሱም።

እንግዲህ ና። በደብዳቤ አትጠይቀኝ። ማሳው ጫፍ ላይ ቁምና ጠይቀኝ።

እህትህ ሥራነሽ